ሦስተኛው ጾም

ረመዳን አልገባ፣ ሁዳዴም አልያዘ፤
ለእኔ ለብቻዬ ጭማቂ ታዘዘ።
ሐኪሙ ውጤት አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤
«ጉበትህ ሰብቷል» ሲል ምራቄ ደረቀ።

መፍትሔ ያመጣው አንድ መንገደኛ ነው፤
ሐረጎ ላይ ወርዷል፣ ስሙን እንኳ አላውቀው።
«ሃያ አንድ ቀን ብቻ እህል አትቅመስ፤
ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ፤ ሆድህ ይታደስ።»
ሹፌር ነኝ፤ ምክርን በመንገድ አምናለሁ፤
ቦርጬ መሪ ገፍቶ፣ ሰው ሳይኖር ፊት ለፊት፣ ጥሩምባ እነፋለሁ።

ቧንቧ ውሃ በማለዳ የኢክራም በር ሲከፈት
ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ዝንጅብል ጣል አርጋበት
ሦስት ሃይላንድ ትሞላለች፤
«ያንተም ነዳጅ ይኸው» ትላለች።
መብራት የጠፋ ዕለት
እሷ መብራት ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን፣ ረዳቴ ጅብሪል እኔን፤
አሥራ ሁለት ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ
የአንድ ካሮት መፈጨትን።

በአራተኛው ቀን አፍንጫዬ ዓይን አወጣ።
ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ የጮርናቄ ሽታ
በመስኮት ገባ፤ ሒሳብ ሳይከፍል
ጋቢና ተቀመጠ፤ እስከ ደሴ አልወረደም።
ጅብሪል ሙሸባክ በልቶ ጣቱን ሲልስ
በመስታወት አየሁት። አየኝ። ጣቱን ደበቀ።

«የማን ጾም ነው?» ይሉኛል፤ «ሸዋል ነው? ጽጌ ነው?»
የወሎ ሰው ሁለቱንም ያውቃል፣ ለሁለቱም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤
ሦስተኛውን ግን ከየት ያምጣው?
ተምር የማይቆረጥለት፣ ፋሲካ የማይመጣለት፣
ከጉበቴ በቀር ምስክር የሌለው።

አክስቴ ጦይባ ግን አልጠየቀችኝም።
በአሥራ አንደኛው ቀን ከገበያ ስትመለስ ተሳፈረች፤
ዘንቢሏን እግሯ ሥር አስቀምጣ
አዲስ የተበሳውን ቀበቶዬን አየች። አንገቴን አየች።
ሃይላንዱን አንስታ ወደ ፀሐይ አዞረችው፤
ቀይ ብርሃን ጉንጯ ላይ ወደቀ።
«ስንት ነው ዋጋው?»
ነገርኳት።
ሁለት ጠመዝማዛ ሙሉ ዝም አለች።
«በሰባ ሰባት» አለች ኋላ፣ «እኛ ቀን አልቆጠርንም።
ሃያ አንድ የሚል ሰው
በሃያ ሁለተኛው ምን እንደሚበላ የሚያውቅ ነው።»
ሌላ አልጨመረችም። አልተቆጣችም፣ አልመረቀችም።
ስትወርድ ኮት ኪሴ ውስጥ እጇን ሰደደች፤
ባዶውን መልሳ አወጣች።

ቆሎ ነው። አንድ እፍኝ፣ የገብስ።

ሐረጎን ስወጣ ወደ ግራ ስዞር ኪሴ ሿ ይላል፤
ወደ ቀኝ ስዞር ሿ።
ከኋላ ስለ ስሚንቶ ዋጋ ይከራከራሉ፣
አንድ ሕፃን ያስመልሰዋል፣ ጅብሪል ፌስታል ይፈልጋል፤
እኔ ኪሴን አዳምጣለሁ።
ሰባት ዙር ታገሥሁ።
ከጦሳ ጉም ወርዶ አስፋልቱን ሲያለብስ
አንዲት ፍሬ አወጣሁ፤ አንዲት ገብስ።
ምላሴ ሥር አኖርኳት፤
አላኘክኋት፣ አልዋጥኋት።

ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም?
ሼሁም ቄሱም ይህን ጾም አያውቁትም፤
ኢክራምን ብጠይቃት የዱቤ ደብተሯን ነው የምታወጣ።
ፍሬዋ በምራቄ ራሰች፣ አበጠች፣
እንደ ሕፃን ጥርስ ለሰለሰች፤
ከሁሉም ጭማቂ ይልቅ ጠጣኋት፣ እሷ ግን አላለቀችም።

«ወራጅ አለ!» አለ ጅብሪል። «ወራጅ!»
አፌን ብከፍት ትወድቅብኛለች።
ሰውዬው ወራጁን አልፌበት
እስከ ፒያሳ ድረስ እየሰደበኝ ሄደ።