አንድ ውሃ፣ ሁለት ልክ

ሩሴ ከተማ፣ ከዳኑብ በስተ ደቡብ ዳር፣
ከዳቦ ቤት በላይ፣ ከዱቄት ሽታ ጋር፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ናት ፊልም የምቆርጥባት
አንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት የሌለባት።
ሥራዬም ይህ ነበር፤ ስክሪኑን መክፈል፣
ግራውን ለስታሜን፣ ቀኙን ለኮርኔል።

ሁለት ሽማግሎች፣ ወንዝ ለኪዎች ናቸው፤
ስታሜን ከሩሴ፣ ኮርኔል ከጁርጁ፣
ድንበርም ወንዝም ነው የሚያልፍ በመሃላቸው።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ማለዳ በአሥራ ሁለት፣
በተሰባበረ ሩስኛ፣ በስልክ፣
ይነጋገራሉ የየዳራቸውን ልክ።
«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»
«የኔ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።»
ውሃው አንድ ውሃ ነው። እንጨቶቹ ናቸው
ዜሮ ከየት እንደሚጀምር ያልተስማሙ።
በዚሁ ተኮራርፈዋል፤ በዚሁ ስቀዋል።

የስታሜንን ጠዋት በራሱ ታይምላይን ሰፋሁት፤
ቦት ጫማው፣ ደረጃው፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ።
የኮርኔልንም እንዲሁ፣ ለብቻው።
ከዚያ ሁለቱን አጥፌ
እንደ ደብዳቤ በፖስታ፣ ፖስታውን በፖስታ፣
ትልቁ ታይምላይን ላይ ደረብኳቸው፣ አንዱን ከአንዱ በላይ።
ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሁለት አረንጓዴ ጡብ፤
ሁለቴ ሲነኩት ግን ጡቡ በር ይሆናል፣
ከውስጡ ሌላ ጠዋት፣ ከጠዋቱ ውስጥ ሌላ፣
እታች አንዲት ፍሬም ብትነቀንቂ
እላይ ቤቱ በሙሉ ይናጋል።

በግማሽ ስፋት ከረከምኳቸው።
የስታሜን ክርን ተቆረጠ፤
የኮርኔል ውሻ ጅራቷን ውጭ ትታ ቀረች።
በመሃል ጥቁር መስመር፣ ስድስት ፒክስል።
ፕሮዲውሰሯ ዝላትካ «አቅጥኚው» አለች።
«ወንዝ እኮ ነው» አልኳት።
አራት ላይ ተስማማን።

ኮርኔል የሞተው ከዚያ ነው። በመጋቢት፣ በሳንባ።
በእጃችን ያለው የሱ ጠዋት አራት ደቂቃ፣
የስታሜን ስድስት።
አጭሩ ጡብ ያልቅና ቀኙ ይጨልማል፤
ሶፍትዌር ሐዘን አያውቅ፣
የሌለውን ሁሉ ጥቁር ይቀባዋል።

«ድገሚው» አለች ዝላትካ፣ «ማን ያይሻል?»
ቀዳሁት። ጫፉን ከጫፉ ገጠምኩት።
ስፌቱ አይታይም፤ እውነቱን ለመናገር፣ በእጄ ኮራሁ።
ኮርኔል ደረጃውን ዳግም ወረደ፣
ዳግም ጎነበሰ፣ ዳግም ጻፈ፣
ውሻዋም ዳግም አስነጠሰች።

ስታሜን ሊያይ መጣ፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣
የገዛ ድምፁን ሰምቶ እያፈረ።
ውሻዋ ሁለተኛ ስታስነጥስ ግን
እጁን አነሳ፦
«ልጄ፣ ይህን ሰው ሐሰተኛ አታድርጊው።
የትናንትን ቁጥር ለዛሬ ጽፎ አያውቅም።
ሰክሮ እንኳ ቢሆን፣ ወርዶ አይቶ ነው።»
ዝላትካ ስልኳን መነካካት ጀመረች።

ከፈትኩ፤ የላዩን ፖስታ፣ የውስጡን፣ የውስጥ ውስጡን።
ቅጂውን ቆርጬ ጣልኩ። ከጥሬው ክሊፕ ጅራት
ቀራጩ ካሜራውን ማጥፋት የረሳበት
አሥራ አንድ ሰከንድ ተርፏል።
ሰው የለም። እንጨቱ ብቻ፣ ቀይና ነጭ፣
ውሃ ሲልሰው።
እሱን አስገባሁ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥቁር ተውኩት።

ከመጀመሪያው ለቀቅኩት፣ መብራቱን አጥፍቼ።
በግራ ስታሜን ስልኩን አነሳ፤ በቀኝ ማንም።
ጥቁር ስክሪን መስታወት ነው፤
የግራው ብርሃን የሽማግሌውን ፊት መትቶ
ኮርኔል በቆመበት ቦታ ስታሜን ታየ፣
ደብዛዛ፣ አፍንጫው ገዝፎ።

ወንበሩን ሳበ። መነጽሩን ከኪሱ ፈልጎ አጠለቀ።
«ሁለት መቶ ስንት?» አለ በሩስኛ፣ ቀስ ብሎ፣
ወደ ጥቁሩ አጎንብሶ፤
ከጆሮው ላይም እርሳሱን አውርዶ ጠበቀ።