ጦም ያደረች ማሳ

ለገሃር፣ ባንኩ በር፣ ወር በገባ በሦስት፣
ሰልፉ ከደረጃው ተርፎ ወርዷል እስከ አስፋልት።
ሁሉም ሽማግሌ፣ ሁሉም ኮት ደርቧል፣
ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ታቅፏል።
ወንድሜ ማንደፍሮ፣ ከጅሩ የመጣ፣
የዓይን ሞራ ሊያስገፍፍ፣ ከእኔ ጋራ ወጣ።
ሰልፉን ቃኘ፣ ቃኘና፣
«ይኼ ሁሉ ሰው» አለ፣ «ምን አርሶ ነው
በሚያዝያ እህል የሚሰፈርለት?»

«ጡረታ ነው» አልኩት፣ «ከመጦር የመጣ፤
ከደሞዜ ሲቆረጥ ኖሮ፣ ሥራ ስወጣ
ይመለስልኛል።»
«እንግዲያ ልጅህ መንግሥት ነው!»
ከፊታችን የቆመው ሰውዬ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

እኔ ግብርና ሚኒስቴር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
«የመኸር ምርት ግምት» ስተይብ ነው የጠለቀችብኝ ፀሐይ፤
በሦስት ቅጂ፣ በካርቦን፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት፤
እርፍ ጨብጬ አላውቅም አንድም ዕለት።
እሱ ሰባ አራት ሞላው። ደብተር የለው። ጧሪው በሬ፦
ቦራ ሲያረጅ ዳልቻ፣ ዳልቻ ሲያረጅ ወይኖ፣ እስከ ዛሬ።
ከልጆቹ አንዱ ጅዳ ነው፤ ስልኩ አይነሣም።
አንዱ እዚሁ፣ ካዛንቺስ፣ ብሎኬት ይሸከማል፤ ለራሱም ደህና አይበላም።

ከአምና ወዲህ የጡረታዬን እኩሌታ
በእህል ነጋዴዋ በአስካለ እልክለታለሁ።
«የእኩል አረስናት» ይላል፤ ይስቃል።
«ምን ሠራህበት?» አልኩት፣ ሰልፉ ሲንፏቀቅ፤
ማዳበሪያ ይለኛል፣ ጊደር ይለኛል ብዬ ስጠብቅ።

«ስንዴውን በጥር አልሸጥኩም» አለ። «በየዓመቱ በጥር
ዕዳ ሲያጣድፈኝ፣ ነጋዴ እንደ ፈቀደው ሲቆጥር፣
የላቤ ግማሽ ይቀር ነበር። አምና ጎተራዬ ሰኔን ተሻገረ።
ደግሞ ያቺ የወንዝ ዳሯ፣
አባታችን ካቀናት ጀምሮ አርፋ የማታውቀው...
ሁልጊዜ መሬት ጦም ካደረ
ጦም የሚያድረው ቤቴ ነበረ።
አምና ግን...»
ዝም አለ፤ የታመመ ዓይኑን በመዳፉ ጀርባ አበሰ።
«አምና እሷ ጦም አደረች። እኔ በልቼ አደርኩ።»

ጥቂት ቆይቶ፦
«ላይኛዋን የጎረቤት ልጅ ያርሳታል፤
ማረሻው አይጠልቅም፣ እየቧጨረ ያልፋል።
የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ተኝቼ እሰማለሁ።
ያሳፍራል።»

መስኮቱ ጋ ደረስን። «ለወንድሜም ሂሳብ ክፈችለት።»
አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ አኖረ። ቀይ መብራት።
«ይጥረጉት፣ አባባ።» ጠረገ። ቀይ።
ሌላኛው እጅ። ቀይ።
አሥሩም ጣት። ልጅቷ እሷው አፈረች፤
«አሻራ የለም» አለች ቀስ ብላ።
ትልሙን ሁሉ እርፉ ላይ ጥሎት መጥቷል።

የእኔን ተቀበልን። ከባቡሩ ምሰሶ ሥር
ለሁለት ከፈልኩት፤ ቆጠረ፣ ደገመ፣ በጋቢው ጫፍ ቋጠረ።
መሐል አስፋልት ላይ አዲስ የተነጠፈ ሣር ውሃ ይጠጣል።
«ይኼስ የማን ጦም አዳሪ ነው?» አለኝ።
ሳልመልስለት ጎንበስ ብሎ ጓል አነሣ፣
በዚያው አውራ ጣቱ አሸት አደረገና፣
«ሽንብራ» አለ፣ «ሽንብራ ያበቅላል።»