ስድስት ቀበቶ

ስምንት ነን፤ መኪናው ያለው ስድስት ቀበቶ።
አባቴ ኦሬስት ሜትር ይዞ፣ እርሳስ ከጆሮው ሰክቶ፣
ሦስት ምሽት ጋራዥ አመሸ፣ ራቱን ከነሳህኑ ረስቶ።

የኋላው ወንበር ወርዱ መቶ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር፤
የልጆቹ መቀመጫ ሲደመር መቶ አርባ ሦስት ነበር።
ለአንዲት ሳንቲሜትር ሰው እንቅልፍ ያጣል?
እናቴ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።
ሄዶ ጠበብ ያለ ወንበር ከሳስካቱን ገዝቶ መጣ፣
ለክረምት ጎማ ያስቀመጣት ብር ለዚያ ወጣ።

ሕፃኗን ሌስያን መሀል፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዙሮ፤
መንትዮቹን ኔስቶርና ኦስታፕን ግራና ቀኝ።
በጉልበቱ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ክብደቱን ሁሉ ጣለ፣
ማሰሪያውን ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፣
ከዚያ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው ይዞ ነቀነቀው።
ንቅንቅ የለም።

ፊት፣ እናቴ መሀል፣ ወገብ ብቻ በሚይዘው፤
ማሩስካ በበሩ በኩል፣ ከፍ በሚያደርጋት ትራስ፣
ቀበቶው ትከሻዋን ይዞ አንገቷ ዘንድ እንዳይደርስ።
የአየር ከረጢቱን በቁልፍ አጠፋ፤
ሁለት ጊዜ ተመልሶ አየው።

«ስምንት ለስድስት ሲካፈል፣ ቀሪ ሁለት» አለ።
ቀሪዎቹ እኔና ዜኖን ነን።

«ከኋላ እኮ ባዶ ነው!» አለ ዜኖን፣
ክፍቱን መጫኛ እያሳየ፣
«ብርድ ልብስ ደርበን፣ ድርቆሽ ጎዝጉዘን…»
«እዚያ የሚጫን» አለው አባቴ፣
«ቢወድቅ እናቱን የማይጠራ ነገር ነው።»

ሽማግሌው ፔትራሽ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆየና
«በኛ ጊዜ» አለ፣ «ልጅ እንደ ድንች ከኋላ ይጫን ነበር።
ማን ሞተ?»
ማንም አልመለሰለትም።
እሱው ራሱ፣ በዚያ ምራቅ በሚያደርቅ ብርድ፣
ቆቡን አወለቀ፤
ምክንያቱ ያኔ አልገባኝም።

የአክስቴ የስቴፋ ሰርግ ዕለት አርባ ከዜሮ በታች፤
ሌስያ ካፖርቷ ሲወልቅ ጣራ እስኪነቀል ጮኸች።
በካፖርት ላይ ማሰር የለም! ወፍራም ልብስ ይዋሻል፤
የጠበቀ ይመስልሃል፣ ሲደነግጥ ግን ይሸሻል።
መጀመሪያ አሰረ፤ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ሊቆነጥጥ ሞከረ፤
እምቢ ሲለው ካፖርቱን ከላይ እንደ ብርድ ልብስ አለበሰ።
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።
የራሱ ስድስተኛ።

ሄዱ። እኔና ዜኖን በመስኮት ቀረን፣
በትንፋሻችን በረዶውን እያቀለጥን።
በዚያ ሜዳ ላይ መብራት ከሩቅ ነው የሚታይ፤
መጀመሪያ የኮከብ ታናሽ፣ ቀጥሎ ሁለት ዓይን፤
አንድ ሰዓት ከሩብ ቆጠርን።
አዳራሹ ውስጥ ያኔ ሙሽራዋ ዞራ ጨርሳለች፣
ስጦታ ተሰጥቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል።
ዜኖን አኮረፈ፤ ሳይናገር ታሰረ፤ ሳይናገር አንቀላፋ።

እኔ ፊት ተቀመጥኩ። አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣
«ዜኖን የወንድሜም ስም ነበር» አለኝ።
«ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከድርቆሹ ላይ ነበርን፣ ሁለታችንም።
እየዘፈንን ነበር።
መንገዱ ጎድጓድ ነበረው፤ ትንሽ ጎድጓድ፣
ድንች እንኳን የማይጥል።
ዞር ስል ድምፁ ብቻ ቀርቷል።
የሚነዳው ፔትራሽ ነበር።»

ሌላ አልጨመረም።
ማሞቂያው ያፏጫል፤ በረዶው በመብራቱ ውስጥ
እንደ ጤፍ ዱቄት ይበተናል።
ከዚያ ቆመ። ሜዳ መሀል፣ ማንም በሌለበት።
ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ፤
የተኛውን ልጅ ትከሻ ላይ ቀበቶውን በሁለት ጣቱ ሞከረ፤
እጁን እዚያው ላይ ትንሽ አቆየ።
ተመልሶ ገባ።

ሃያ ሁለት ኪሎሜትር ሦስት ጊዜ፣ ስድሳ ስድስት፤
ማታ ደግሞ እንደገና ስድሳ ስድስት።
ቤንዚኑን ሲያሰሉ ጎረቤቶች ይስቃሉ፤
ኦሬስት ሒሳብ አይችልም ይላሉ።

አዳራሹ በር ላይ ሞተሩን አጠፋ፤
በጣቱ ቆጠረን፣ በመስኮት የሚታዩትንም ጨምሮ፤
ስምንት ላይ ሲደርስ ብቻ ቁልፉን ነቀለ።
«ቀሪ» አለ ለራሱ፣
«የለም።»