ስድስተኛው ክፍል

«ከአሥራ ስድስት በላይ» ይላል ቀዩ ምልክት፣
ራንቫ ገና አሥራ አራት።
ሁለት ዓመት ማለት በደሴታችን ስሌት
ሁለት የበግ እርድ፣ ሁለት ረጅም ሌሊት።

«የክፍሌ ልጅ ሁሉ አይቶታል» አለችኝ፣
ድስቱን እያጠበች፣ ዞራም ሳታየኝ።
«ሁሉ» ማለት ማን ነው? ብዬ ስጠይቃት
ሦስት ስም ጠራች፤ አንዱ የባርዱር ድመት።

እኔ ክላክስቪክ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤
ቧንቧ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል ዳስሼ አውቃለሁ፣
የልጅ ልብ መለኪያው የት እንደተገጠመ ግን እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።

እናም እሷ ስትተኛ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ ብቻዬን፣
መነጽሬን ሰክቼ፣ ይዤ ደብተሬን፣
የዘይት ሒሳብ ከምጽፍበት ገጽ ጀርባ
መዘገብኩ፤ ማን እንደተሰየፈ፣ ማን ከማን አልጋ እንደገባ።

ክፍል አንድ፦ ሦስት አንገት፣ አንድ ዘንዶ፣
አንድ መንደር በሌሊት ነዶ።
ክፍል ሁለት፦ መርዝ በብር ዋንጫ፣
ወንድም በወንድሙ ላይ፣ የቂም መወጫ።

ክፍል ሦስት ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ።
አንድ አባት ልጁን ለጠላቱ ዳረ፤ ሠርጉን ሳይ አፈርኩ።

ደሙ አይደለም።
ደም ለራንቫ አዲስ አይደለም፤
በጥቅምት በግ ሲታረድ አንጀቱን የሚያጥብ ማን ሆነና!
እጅጌዋን ሰብስባ፣ እያፏጨች፣
ጣቷ እስኪደነዝዝ ምንጩ ዳር ቆማ።

የፈራሁት ሌላ ነው፤
ያች ሙሽራ ራንቫን በዓመት ብትበልጣት ነው፣
ካሜራው እንደ በግ ገዢ ዙሪያዋን ሲዞራት፣
ሻማው አምሮ፣ ሙዚቃው አምሮ፣ ግፉ እንደ ጌጥ ሲያምርባት።
እንዲህ ያለ ነገር ስሙ ሳይጠራ ሲያልፍ
ልጄ ውስጥ በምን ስም ይጻፍ?

ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ አራተኛውን ልተው ብል አልቻልኩም፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አልተኛሁም።
ያ አንካሳ ጸሐፊ፣ ለእውነት ብሎ ምላሱን ያጣ፣
በማግስቱ ሞተር ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

እህቴን በስልክ ጠየቅኳት፤ «ፍቀድላት» አለች፣
ከጀርባዋ ባሏ «ከልክል!» ሲል ሳቀች።
ለመሆኑ አይታችሁታል? አልኳቸው፤
ዝም አሉ፣ ሁለቱም በየፊናቸው።

ሐሙስ ማታ፣ ነፋሱ ከጣሪያው ሣር ጋር ሲታገል፣
ጀልባው ሁሉ በገመዱ ታስሮ ሲንገዋለል፣
ራንቫን ጠራኋት፤ ጉሮሮዬን እንደ ዳኛ ጠርጌ፣
ደብተሬን ዘርግቼ፣ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ፣
«አምስቱን ጨርሻለሁ፤ ስድስተኛው ቀርቷል፣
እሱን አይቼ እንጂ ፍርድ መቼ ይሰጣል?»

ፊቷ ተለወጠ።
«አባዬ፣ ስድስተኛውን አንተ አትየው» አለች።

ለካስ አይታዋለች!
ባርዱር ቤት፣ በዕረፍቱ ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር።
ቁጣዬ ተነሥቶ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር፤
እሷ ግን የፈሰሰ ጨው ከጠረጴዛው በጣቷ እየለቀመች፣
«ንግሥቲቱ» አለች፣ «ትታመማለች።
ዘንዶ የለም፣ ሰይፍ የለም፤ አልጋና መስኮት ብቻ።
ንጉሡ ጸጉሯን በገዛ እጁ ይቆርጥላታል፣ መጨረሻ።
የመቀሱ ድምፅ…
የእኛው መቀስ ነው፣ አባዬ።»

የካቲት ነበር። ማርዩን ኩሽናው ወንበር ላይ፣
ፎጣ በትከሻዋ፣ በረዶ መስኮቱ ላይ፣
«ተኝታለች» እያልን በሹክሹክታ፣ እኔ ስቆርጥ እሷ ስትስቅ፣
ከገርበብታው በር ኋላ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መቆሟን ሳናውቅ።
ያን ቀን በራችን ላይ ቀይ ቁጥር ማን ለጠፈ?

ብዙ ቆይቼ «ሦስተኛውስ?» አልኳት፣ «ያች ሙሽራ?»
«ሙዚቃው ይዋሻል» አለች፣ ጨዉን ወደ መዳፏ እያራገፈች።

እርሳሴን አነሣሁ፤ የምጽፈው ጠፋኝ፤
ሪሞቱን ብጠይቃት ከኋላዋ ደበቀችብኝ።
«ዛሬ አይደለም» አለች።
«አንተ ገና ነህ።»