የጣት ሒሳብ

ጠባሴ መንገድ ላይ፣ አደባባዩ መሃል፣
«አንድ ሐውልት ይቁም» ሲል ኮሚቴው ወስኗል።
አንዱ ፈረስ አለ፣ አንዱ ችቦ አለ፣
አንዱ እያንጎላጀ «ይሁን፣ ይሁን» አለ።
እኔም ጥግ ላይ ሆኜ ኮፍያዬን ይዤ፣
«ሳምንት ስጡኝ» ብዬ ወጣሁኝ ተክዤ።

ወደ በሬሳ ወረድኩ፣ ጭቃ ፍለጋ።
የኅዳር ውርጭ ሣሩ ላይ ተጋግሯል፣
ስረግጠው እንደ ጠርሙስ ይሰበራል።

ከፊት አልጀምርም።
ከትከሻም አልጀምር።
ሽቦውን ስጠመዝዝ፣ ፌሮውን ሳጎብጥ፣
ጣት ነው የሚበቅለው፣ ደረት ሳይቀመጥ።
ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤
«ልማድ ነው» እላለሁ።

እናቴ ይመኙሻል፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊቱን ስትለካ፣
አንድ ቀን ማባዘቻው ከሱፉ ጋር አብሮ
ሁለት ጣት ወሰደ፣ እንደ ዘበት ቆጥሮ።
ካሳ ከፈሏት።
በካሳው ቆርቆሮ ገዛን፤
ክረምት በመጣ ቁጥር
ጣሪያችንን የሚያንኳኳ ነበረ።

ጠዋት ትገባለች፣
ሳትሸብት ሽበት የሚመስል ብናኝ ሱፍ ፀጉሯ ላይ።
እኛ ልጆቿ በሹክሹክታ መጣላት ተማርን፤
ቀን የምትተኛ እናት ያለችበት ቤት
ሳቅም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባ።

ስትተኛ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ይቀራል።
ስንቱን ሰው ያለበሰ እጅ፣
ሁሌ ውጭ።
አጠገቡ ተጋድሜ እቆጥረው ነበር፤
የግራው አምስት፣ የቀኙ ሦስት።
ቁጥር ስምንት ላይ የሚያልቅ መስሎኝ
ሰባት ዓመት ኖርኩ።

መምህር እንግዳሸት «ከስምንት ቀጥሎ?» አሉኝ።
«ምንም» አልኩ።
ክፍሉ ሳቀ።
ዘጠኝንና ዐሥርን
አርጩሜያቸው መዳፌ ላይ አስተማረኝ።

ሐውልቱ ቆመ፤ ሴት ናት፣
ሲሚንቶ ከጥቁር ድንጋይ ጋር።
ቀኝ እጇ ተዘርግቷል፣
ለልመና አይደለም፣ ለቡራኬም አይደለም፣
የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ እጅ።
መጋረጃው ሲወርድ ጭብጨባ ነበረ፣
የሒሳብ ሹሙ ግን ቀና ብሎ ቆጠረ።

«ውሉ ‹ሙሉ ሰው› ነው የሚለው፣ ወንድሜ፤
ሁለት ጣት ጎደለ፣ ምን ልጻፍ ደግሜ?
የማን ኪስ ውስጥ ገባ የሁለት ጣት ሲሚንቶ?»
ሳቁ ተንከባለለ ገበያ ድረስ ወጥቶ።

አልመለስኩም።
ሌሊት መሰላል ተሸክሜ ሄድኩ፤
ግማሽ ኪሎ እንኳን አልፈጀም፣ ቀጠልኩላት።
ወርጄ በባትሪ ሳያት
እጁ አላወቀኝም።
የሌላ ሰው እጅ ነው፣
ጥሩ እጅ፣ ጤነኛ፣
ግንባሬን ነክቶ የማያውቅ።
ሳይደርቅ ወጥቼ ሰበርኩት።

ስም ያወጡላት ባጃጆቹ ናቸው።
«ስምንቷ! ስምንቷ! አንድ ሰው የሞላ!»
«ስምንቷ ጋ ወራጅ አለ!»
ኮሚቴው እምነ በረድ ላይ ያስቀረጸው ስም
ረጅም ነው፤
ጧት ጧት ፍየሎች ይተሻሹበታል።

ቅዳሜ ጡረተኛ የፋብሪካ ሴቶች ከሥሯ ፀሐይ ይሞቃሉ።
አንዷ ጓንቷን አውልቃ፣
የራሷን እጅ ወደ ላይ ዘርግታ አስተያየችው፤
«እኔን ትንሿ ናት የሄደችብኝ» አለች፣
ሌሎቹም ጓንታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

እናቴን የወሰድኳት ጥር ላይ ነው።
ባለ ባጃጁ ሁለታችንንም ሳያይ
«ስምንቷ!» ብሎ አወረደን።
ዞረቻት። ደግማ ዞረቻት።
ስለ ጣቶቹ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፣
አፍንጫዬን አበላሸህ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።
እሷ ግን የራሷን እጅ
ጋቢዋ ውስጥ እየከተተች፣
«እንዲህ ባለ ብርድ» አለችኝ፣
«ምነው እጇን አላስገባህላትም?»