መረብ

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ አይከፈት፣
ግድግዳው ነጭ ነበር፣ ካርታ ዘረጋችበት
ዶክተር ኢሽበል ራንኪን።
«ዓለም የምትሉት ይኸውላችሁ» አለች፣
ከባሕር በታች ባለው ቀይ መስመር ላይ ጣቷን እየነዳች።
ማርሴይ፣ ሞምባሳ፣ ሲንጋፖር፣ ፎርታሌዛ፣
አንድ ቀጭን ክር ነው ያን ሁሉ የገዛ።

ታንዴካ ከደርባን ትጽፋለች በጥድፊያ፣
ቦያን ያንቀላፋል፤ ሌሊት ሥራ አለው፣ ሆቴል፣ ዕቃ ማጠቢያ።
እኔ ግን አፍጥጬ አንድ ነጥብ ላይ ቀረሁ፣
የኮርንዎል ጫፍ ላይ፤ ስሙን ሳነብ ደነገጥሁ።
ፖልዊን።
የኛ ሰፈር።
አርባ ሁለት በር፣ አንድ መጠጥ ቤት፣
ልጅ ያለቀበት ትምህርት ቤት።

«ገመዱ የማን ነው? መልእክቱስ የማን ነው?
የላከው? ያሳለፈው? ወይስ የሰማው ነው?»
ክፍሉ ተንጫጫ፣ ጽንሰ ሐሳብ ዘነበ፣
ማዕከልና ጠረፍ፣ ፍሰትና ሚዛን፣ ሁሉም ያነበበውን አነበነበ።
እኔ አንድ ቃል የለኝ፤
የአባቴ ጀልባ ሽታ ካፍንጫዬ ገባብኝ።

የመመረቂያዬን ርዕስ እንዲያ ነው ያገኘሁት።

በየካቲት ሄድሁ፣ ባቡር ተሳፍሬ፣
መቅረጫና መጠይቅ፣ የፈቃድ ቅጽ በሁለት ግልባጭ፣ በቦርሳዬ ቋጥሬ።
ዴንዚል ትሬቫስኪስ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣
ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፣ መርፌው በጥርሱ፣ ክሩ በመዳፉ።
«እዚህ ጋ ፈርምልኝ።»
«ለምኑ?»
«ፈቃድህን።»
«አባትሽ መሆኔ አይበቃም?» አለና ሳያነብ ፈረመ፣
አንድ የዓሣ ቅርፊት ከስሙ አጠገብ ታተመ።

ጥያቄ አንድ ብዬ ከወረቀት ጀመርሁ፤
«የዓለም አቀፍ መረጃ ፍሰት በሕይወትህ...» አልጨረስሁ።
«ለዚህ ነው ሁለተኛው ዲግሪ?» ሳቀ እስኪያስለው።
«እዚህ ቤት ስልክ አይሠራ፤ ለመደወል እንኳ
ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ኮረብታ የሚወጣው ሰው ነው።»

መረብ ስለው መረብ ይለኛል፤
በአንድ ቃል ተሳፍረን በሁለት ባሕር ላይ እንቀዝፋለን።

ከዚያ መርፌውን አኖረው።
«በአንድ ታኅሣሥ» አለ፣ «ጥርስ ሳታበቅዪ፣
መልሕቄን ያዘብኝ። ብስበው፣ ብስበው አይለቅም፤
ሞተሩ አቃሰተ፣ ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፤
ኋላ ብቅ አለ፣ ጥቁር፣ ክንዴን የሚያህል፣
ዛጎል የለበሰ።»
«ምን አደረግህ?»
«እጄን አኖርኩበት።
ዓሣ ሲነክስ ክሩ ይንቀጠቀጥ የለ? እሱን ጠበቅኩ።
ምንም።
ቀዝቃዛ ነው፤ ዝም ያለ ነው።
ግን አሁን፣ እዚህ ውስጥ፣ አንዱ ከእናቱ ጋር ያወራ ይሆናል አልኩ።»

ቢላውን መዞ የራሱን ገመድ ቆረጠ፤
መልሕቅና መረብ፣ የሦስት ዓመት ዕዳ፣ አብሮ ሰመጠ።
«ለኩባንያው ብትነግር ካሳ ይከፍሉህ ነበር እኮ።»
«በምን ስልክ?» አለ፣ መርፌውን ካኖረበት መልሶ።

ያነበብኋቸው ሁሉ ስለ ገመዱ ጌታ ጽፈዋል፣
ስለሚጠልፈው፣ ስለሚቆርጠው፤
ሊቆርጠው ሲችል ስለተወው ሰው
አንድ አንቀጽ አላየሁም።

ማታ ኮረብታው ላይ፣ ኮምፒውተሬን በካፖርቴ ሸፍኜ፣
ምዕራፍ ሦስትን ላክሁ፣ ለነፋስ ጀርባዬን ሰጥቼ።
ከታች የሚጮኸው ሞገድ፣ ከላይ የማይታየው ሞገድ፣
መካከል ላይ እኔ፣ የሁለቱም ዘመድ፣
ቃሌም በአባቴ ጀልባ ሥር አልፎ ሄደ፣ በዚያው ገመድ።

መልሱ በአራት ደቂቃ ደረሰ፤
«ግሩም ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ ግን ምንጭ የለም።»

በግርጌ ማስታወሻ ጻፍሁ፤
ዴንዚል ትሬቫስኪስ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የቃል ግንኙነት፣ የካቲት።
«ግንኙነት» ከሚለው ቃል ላይ
ጣቴን አሳረፍሁ፣ ጥቂት ጠበቅሁ፣
ይንቀጠቀጥ እንደሆን።