የጎደለው አምስተኛ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ያካፋል በጌንት፤
ከቦዩ አጠገብ፣ በሦስተኛው ፎቅ ቤት፣
ላረጀ ጉልበት፣ ለደከመ ወገብ
ደረጃ የሚወጣ ወንበር የሚያቀርብ
ትንሽ ቢሮ አለ።
አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ የደረቀ ቁልቋል፤
አለቅየው ዮሪስ ቆሞ ያወራል፦
“አራቱ ይተያያሉ፣ አምስተኛው ግን የለም፤
ዓርብ ማታ ነበረ፣ ሰኞ ጠዋት እልም!”

ዝርዝሩን ከፈትሁት።
ዮሪስ አለ። ቶማ አለ። መቀበያ አለ። መጋዘን አለ።
ጎደሊቭ ጎደለች።
(ቀልዱ በእኔ ቋንቋ ነው፤ እዚህ ማን ይሳቅልኝ?
ፈገግታዬን ይዤ ጠረጴዛዋ ሥር ገባሁኝ።)

እዚያ ሌላ አገር ነው፦ አቧራ፣ ሽቦ፣ የወደቀ የሹራብ ቁልፍ፣
ሰማያዊው ገመድ ከግራጫው ጋር ሲተቃቀፍ።
ነቀልሁት፣ እፍ አልሁበት፣ መለስሁት፤ ቀጭ አለ፤
አረንጓዴው መብራት ጥቅስ ጥቅሱን ቀጠለ።
በሽታው ከደም ሥሩ አይደለም፤
ከዚያ በላይ ነው፣ ስም ከሚጠራበት ዓለም።

ከዮሪስ ማሽን፣ በቁጥሩ፣ “አለህ?” ብዬ ጠራሁት፤
አራቴ ጠራሁ፣ አራቴ ዝምታ መለሰልኝ።
ከእሱ ወንበር ተቀምጬ ሌሎቹን ብጠይቅ ግን፦
“አለን፣ አለን፣” አሉ፣ ዐይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይፈጅ።
እንግዲህ ጆሮ አለው፣ አፍም አለው፤
ሲጠሩት ብቻ ነው “አቤት” የማይለው።
ማከፋፈያውን አጥፍቼ እስከ ሠላሳ ቆጠርሁ፤
(ሒሳቤን በደችኛ ብጠይቅም ቁጥር የምቆጥረው ባማርኛ ነው)
አበራሁት።
ስሟ አልመጣም።

“ዓርብ ማታ፣” አለች ጎደሊቭ፣
ከፋይሉ ቁም ሣጥን ጀርባ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ እንዳቀፈች፣
“ሁሉም ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣” አለች።
“ማን?”
በአገጯ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች።
“‘በዚህ መረብ ላይ ያሉ ሌሎች እንዲያዩሽ ትፈቅጃለሽ?’
ከሥሩ ሁለት ሣጥን፦ አዎ። አይ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስሠራ
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።
ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አሰብሁበት።
አይ አልሁ።”

ጣቴ ማውሱ ላይ ደርሶ ቆመ።
መድኃኒቱ አንድ ጠቅታ ነው፤ ልጅ ይሠራዋል፤
“የሕዝብ” የሚለውን “የግል” ማለት ነው።
የማሽን ቅኔ እንዲህ ነው፦
የሕዝብ ነው ካሉት ይሸሸጋል፣
የግል ነው ካሉት ለሁሉ ይገለጣል።
“ዮሪስ ከአንቺ ማሽን የሚፈልገው ምንድን ነው?”
“ደመራዬን። ሳልጨርስ ይከፍተዋል።
ግማሽ ድምር አይቶ ቶማን ይቆጣል፣
ማታ ስጨርስ ልክ ይሆናል፤ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም።”

እኔም መጋዘን ላይ አንድ ማኅደር ከፈትሁ።
ከእሷ ማሽን ወደዚያ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር፣
ቀጭን መንገድ ጠረግሁ፤
ቁጥሩን በቢጫ ወረቀት ጽፌ ስክሪኗ ጠርዝ ላይ ለጠፍሁ።
እሷ ትሄዳለች። ወደ እሷ የሚመጣ የለም።
“አይ” ያለችውን አልነካሁም።

“ተገኘ?” አለ ዮሪስ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ።
“መጀመሪያም አልጠፋም። ደመራው ሲያልቅ መጋዘን ውስጥ ታገኘዋለህ።”
“ዝርዝሩ ላይ ግን…”
“አራት ነው። አራት ይበቃል።”
ትከሻውን ሰበቀ፤ ስልኩ ጠርቶት ሄደ።

ደረሰኙ ላይ “የሥራው ዓይነት” ይላል።
አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ገመድ ፍተሻ፣ ብዬ ሞላሁ፤ ከዚያ በላይ ቦታም የለው።
ካፖርቴን ስለብስ ኪሴ ውስጥ ያ የሹራብ ቁልፍ።
ጠረጴዛዋ ላይ አኖርሁላት።
“የኔ አይደለም፣” አለች፤
አገላብጣ አየችው፣
መሳቢያዋን ከፈተች፣ ከተተችው፣ ቆለፈች።